የተመለሰው አረንጓዴ ቀሚስ

የእናት ቻን መቀመጫ ባዶ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው ፋ ናት።

ፋ ከባንኮክ ርቃ የምትገኘው የትንሿ ከተማ የኖንግ ሳዋን ፀጉር ሠሪ ነች። ስትወለድ ወንድ ተብላ ብትመዘገብም ሴት ሆና ስለምትኖር፣ በከተማው በሌላ ስም የሚጠራት የለም። በየማለዳው ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ወደ ትልቁ ዛፍ ትሄዳለች። እዚያ ትንሿ መቅደስ ውስጥ የምትቀመጠውን፣ ከእንጨት የተቀረጸችውን እናት ቻንን ፀጉሯን ታበጥራለች፤ በስእለት ከመጡላት ቀሚሶችም አንዱን መርጣ ታለብሳታለች። የዚያን ዕለት ግን ማበጠሪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባልከፋ። በማግስቱ ግን የወታደር ዕጣ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ በወረዳው አዳራሽ ተሰልፎ እጁን ሣጥን ውስጥ ይከታል። ጥቁር ካርድ ያወጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቀይ ያወጣ ሁለት ዓመት ጦር ሰፈር ይገባል። እናት ቻን ደግሞ የእናቶች ወገን ናት። በድሮ ዘመን የንጉሥ ጭፍሮች አንድያ ልጇን ወስደውባት፣ መንገድ መንገዱን እያየች እዚያው ዛፍ ሥር አረፈች ይባላል። ከዚያ ወዲህ ወታደር መልማይ አትወድም። ስለዚህ የዕጣው ወቅት ሲቃረብ ቀሚሱ፣ የአበባው ጉንጉን፣ ቀዩ ለስላሳ ከነስትሮው ይጎርፍላታል።

ኢንስፔክተር ዋሪን ስትደርስ ግማሹ ወረዳ ዛፉ ሥር ተሰብስቦ ነበር። እናቶቹ መሬት ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ ልጆቻቸው ቆመው በእናቶቻቸው ያፍራሉ።

«የኔው ደረቱ ጠባብ ነው፣ ሐኪሞቹ ይጥሉታል ብዬ ተስፋ ሳደርግ በዚህ ወር ወፈረብኝ» ትላለች አንዷ። «እሷም ትታን ከሄደች ምን ቀረን?»

«እስቲ መንገድ ልቀቁልኝ» አለች ዋሪን።

«አንቺ ምን አለብሽ!» አለቻት ዓሣ ሻጯ። «ያንቺ ልጅ ትምህርት ቤት ሳለ ሦስት ዓመት የተማሪ ወታደርነት ሥልጠና ወስዶ ከዕጣው ተገላገለ። የኛዎቹ ያን ትምህርት ቤት ከየት አባታቸው ያምጡት?»

ዋሪን አንገቷን ደፍታ በመሃላቸው አለፈች። እውነት ነበርና።

የመቅደሱ ጠባቂ አባባ ቡንሎም ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐዩ ቢያቃጥልም ከትናንቱ ድንገተኛ ዝናብ የቀረ ኩሬ እግራቸው ሥር ነበር።

«ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ነበረች» አሉ። «መብራት ሲጠፋ እኔም ወደ ቤቴ ገባሁ።»

«በሩን ቆልፈው ነበር?»

«እናት ላይ ማን ይቆልፋል?»

ዋሪን ወደ ውስጥ ገባች። የናሱ ሳህን አለ። በወርቅ ቅብ የተለበጠው መደገፊያ አልተነካም። ከሐውልቷ ሌላ አንድ ጠርሙስ ቀይ ለስላሳና ጃንጥላዋ ጠፍተዋል። ባዶው መቀመጫ ላይ ደግሞ አረንጓዴ የሐር ቀሚስ ተቀምጧል፤ እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ አንገቱ ከሥር ተቀልብሶ፣ ዙሪያውን በክር ሸብ ተደርጎ።

«ይሄን ያጠፍሽው አንቺ ነሽ?» ስትል ፋን ጠየቀቻት።

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ትናንት ከሰዓት ቀይሬ ያለበስኳት እሱን ነበር። እትዬ ሶምፒት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ራሷ ሰፍታ ያመጣችው ነው። አሁን የጎደለው ሰማያዊው ነው።»

«ሌባው አረንጓዴውን አውልቆ ሰማያዊውን አልብሶ ነዋ የወሰዳት።»

«ወሰደቻት በይ» አለች ፋ ቀሚሱን እያየች። «የኛ ሰፈር ወንድ እንዲህ አድርጎ ሲያጥፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ውጭ ጩኸት ተነሣ። ሕዝቡ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴውን ፕራሶትን ከፒካፑ ጎትቶ አውርዶታል። ሰውየው ባለፈው ሳምንት ሐውልቷን ፎቶ ሲያነሳ ታይቷል። ሸሚዙ ተቀዶ፣ አንድ ጫማው ጠፍቶ ዋሪን እጅ ላይ ወደቀ።

«ትናንት ዝናቡ ሲጥል የት ነበርክ?» አለችው መሃላቸው ቆማ።

«የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ። ስዘፍን ነበር።»

«ምስክር አለህ?»

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ልክ ነው፣ እዚያ ነበር» አለ። «መብራት ጠፍቶ ድምፅ ማጉያው ሲዘጋ እንኳ አላቆመም። እኔ እስር ቤት ብታስገቡት አልቃወምም፤ ግን በሌላ ጥፋት ነው።»

ሰዉ ሳቀና ቁጣው በረደ። ዋሪንም የነጋዴውን ጫማ ፈልጋ ሰጥታ ሸኘችው። ለነገሩ ከመጀመሪያውም አልጠረጠረችውም። ለገንዘብ የመጣ ሰው የናሱን ሳህን ትቶ ጃንጥላ አይወስድም። ያችን እንጨት ዝናብና ፀሐይ እንዳይነካት ያሰበ ሰው ነው የወሰዳት።

እንዲያም ሆኖ የእናት ቻንን ስም በክፉ የሚያነሳ አንድ ሰው በወረዳው ነበር። ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ኬንግ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ «ያቺ እንጨት የዚህን አገር ወንድ ፈሪ አደረገችው፤ አንድ ቀን ኩሬ ውስጥ እወረውራታለሁ» ማለቱን ሁሉም ሰምቷል። አንድ ዳክዬ አርቢ ደግሞ ትናንት በዝናቡ ውስጥ ከዛፉ ሥር ሲመለስ አይቶታል፤ ከዝናብ ልብሱ ሥር የያዘው ነገር ነበር።

ዋሪን ቤቱ ስትሄድ ሃምሳ አለቃው ከልጅ ልጁ ፎቶ ግራፍ ሥር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ተቀበላት።

«በዚያ ዝናብ ዛፉ ሥር ምን ይሠሩ ነበር?»

«መንገድ የመንግሥት ነው።»

«ከዝናብ ልብስዎ ሥርስ ምን ነበር?»

ሰውየው ግድግዳውን ማየት ጀመረ። መልሱ የመጣው ከማድ ቤት ነው።

«ዶሮ» አለች ሚስቱ። «የተቀቀለ ዶሮ። የልጅ ልጃችን ነገ ዕጣ ያወጣል። ለእናት ቻን ሊሰጥ ይዞ ሄዶ፣ ሰው መኖሩን ሲያይ አፍሮ ተመለሰ። ዶሮውን እኛው በላነው።»

«ሠላሳ ዓመት አገልግያለሁ» አለ ሃምሳ አለቃው ግድግዳውን እንዳየ። «እስከ ዛሬ ጦር ሰፈሩን ሳወድስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዶሮውን የወሰድኩት ግን ሰፈሩን ስለማውቀው ነው።»

ዋሪን ሳቋን ዋጠች። «ሰው ነበር አሉ። ማን ነበር?»

«ጎኑ ጋሪ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል መቅደሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰውየውን አላየሁትም፤ ሲናገር ግን ሰማሁ። ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።»

«ማንን?»

«እሷን። እናት ቻንን።»

«የወንድ ድምፅ ነው የሴት?»

«ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ወንድና ሴት አይለይም፣ ልጄ።»

የሶምፒት ልብስ ስፌት ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የወረዳውን ተማሪ ሁሉ የምታለብሰው እሷ ናት። በሩ ላይ ጎኑ ጋሪ የተገጠመለት ሞተር ቆሟል። ዋሪን አየት አድርጋው ገባች። እንዲህ ያለ ሞተር በከተማው በየቤቱ ስላለ እሱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። መደርደሪያው ግን ይናገር ነበር። ከታች እስከ ላይ የተደረደረው የተማሪ ልብስ በሙሉ እጅጌው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አንገቱ ከሥር ተቀልብሶ፣ በክር ሸብ ተደርጓል።

ሶምፒት የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። አንድያ ልጇ ኮምክሪት ከጥጉ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ይሠራል።

ዋሪን አረንጓዴውን ቀሚስ መኪናው ላይ አኖረችው። «ይሄ እጥፋት የዚህ ቤት ነው፣ ሶምፒት።»

ሶምፒት ቀሚሱን አላነሳችም፤ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካችው። «መለሰችልኝ» አለች። «ዓይኔ እስኪፈዝ ነው የሰፋሁት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኳት፤ ልጄን አትስጪብኝ፣ ጥቁር ካርድ ስጪው። እሷ ግን ልብሴን አውልቃ ሄደች። እንቢ ማለቷ አይደለም?»

«ትናንት ዝናቡ ሲጥል የት ነበርሽ?»

«የት እሆናለሁ፣ እዚሁ ነዋ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቶቼ ሻማ ይዘው መጥተው እስኪያባራ አብረን ተቀመጥን። ምነው? እኔ ነኝ የወሰድኳት ልትዪኝ ነው? የሰጠሁትን ልቀማ?»

ጎረቤቶቹ ከደጅ ሆነው አዎን አሉ፤ ሶምፒት ከቤት አልወጣችም። ዋሪን ያን ጊዜ ቀሚሱን እንደገና አየችው። ስጦታን የሚመልስ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ሌባ ቢሆን ይዞት ይሄዳል። ጠላት ቢሆን ይቀደዋል። አጥፎ፣ አክብሮ የሚመልስ ሰው ግን ልመናውን ነው የሚመልሰው።

ዞር ስትል የኮምክሪትን እጆች አየች። የአንዲት ትንሽ ልጅ ሸሚዝ እያጠፈ ነበር። እጅጌ ወደ ውስጥ፣ አንገት ከሥር፣ ከዚያ ክሩ። እጆቹ ይህን ሲያደርጉ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

«ኮምክሪት» አለችው ቀስ ብላ፣ «እስቲ በሞተርህ ውሰደኝ።»

«ወዴት?» አለ።

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

እናቱ ቀና አላለችም። ወጣቱ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ተነሣ።

ከከተማው እስኪወጡ አልተነጋገሩም። የሩዝ ማሳው የትናንቱን ዝናብ መጦ አሁንም እንደተሰነጣጠቀ ነው። ከማሳው ጫፍ አባቱ በሕይወት ሳለ የሠራት የውሃ ፓምፕ ቤት አለች። ኮምክሪት በሩን ከፈተ። እናት ቻን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከላይዋ አጎበር ተሰቅሎላታል፤ ከፊቷ ለስላሳው ከነስትሮው፣ ከጎኗ ጃንጥላዋ አለ። ጠረኗን ለማሳመር ይመስላል፣ የጃስሚን አበባ ተበትኖላታል።

ዋሪን እጆቿን አጋጥማ ሰላም አለቻት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ስመጣ ቀይ ካርድ የፈራ ሰው ለብቻው ሊማፀናት ሰርቋት ነው ብዬ ነበር። አንተ ግን የእናትህን ስእለት መልሰህላታል። ቀዩን ፈልገህ ነው?»

«ፈልጌ ነው።»

«ሰው ሁሉ የሚሸሸውን? የአጎትህ ልጅ ዴት ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ኮሎኔል ውሻ ሲያጥብ እንደኖረ አልነገረህም?»

«ነግሮኛል። መመታትም እንዳለ ነግሮኛል» አለ ኮምክሪት። «ግን እዚያው ጦር ሰፈሩ ውስጥ የመኪና ጥገና አለ፤ እሱን መማር እፈልጋለሁ። እኔ ሃያ አንድ ዓመት ሞላኝ፣ ከዚህ ወረዳ ወጥቼ አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም። ጓደኞቼ ባንኮክ ገቡ፤ እኔ የትንንሽ ልጆች ቀሚስ አጥፋለሁ።»

«ፈቅጄ እገባለሁ ብለህ እጅህን ማውጣት ትችላለህ እኮ። ለፈቃደኛ ጊዜውም ያጥራል።»

«ለእናቴ ማን ይነግራታል?» ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። «አባቴ ከሞተ ጀምሮ ‹አንተ ስላለህልኝ› እያለች ነው የምትነቃው። ቀይ ቢወጣብኝ ዕድሌን ትረግማለች። ፈቅጄ ብሄድ ግን ትቶኝ ሄደ ነው የምትለው። ዕጣው እኔን ሆኖ እንዲነግርልኝ ፈለግሁ።»

«ታዲያ ይችን ምስኪን ለምን ይዘሃት መጣህ?»

«ቀሚሱን ብቻ ልመልስ ነበር የሄድኩት። አውልቄ ሳበቃ እናቴ ነገ በማለዳ ሌላ ይዛ እንደምትመጣ ታየኝ። ያን ጊዜ አቀፍኳትና ጋሪው ላይ አስቀመጥኳት። ዝናብ ላይ ስላወጣኋት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።»

«የሌሎቹስ እናቶች?»

ኮምክሪት ጆሮው ቀላ። «እነሱን አላሰብኳቸውም። ጠዋት ሲያለቅሱ ስሰማ ልመልሳት ነበር፣ ሕዝቡ የዛፉን ሥር ሞልቶት ስለነበር ፈራሁ። ፕራሶትን ሲጎትቱት ሳይ ደግሞ ሮጬ ወደ ቤት ገባሁ።»

«የመቅደስ ዕቃ መስረቅ ስንት ዓመት እንደሚያስቀጣ ታውቃለህ? እንኳን ጥገና ልትማር፣ ጦሩም አይቀበልህም።»

«አውቃለሁ።»

ዋሪን ተነሥታ ጃንጥላውንና ለስላሳውን ማንሣት ጀመረች። «አጎበሩን አንተ አውርድ» አለችው። «አባባ ቡንሎም ክስ ካቀረቡ እከስሃለሁ። ካላቀረቡ ግን ሌላ ዕዳ አለብህ። ከዕጣው በፊት ለእናትህ ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም፤ ዕጣም አይነግርልህም።»

እናት ቻን በጃንጥላ ተጠልላ፣ በጋሪ ተቀምጣ በጠራራ ፀሐይ ከተማ ገባች። ከኋላዋ ሰው ተግተለተለ። ሴቶቹ እግሯን ነኩ፤ ፋ ማበጠሪያዋን አወጣች። አባባ ቡንሎም ዋሪን በጆሯቸው የነገረቻቸውን ሰምተው ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ዶሮ ቢሰርቀኝ እከሰዋለሁ» አሉ። «እሷ ግን ሰማያዊዋን ለብሳ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ነው የወጣችው። እንዲህ ለብሶ የሚወጣ ሰው ለጉብኝት ነው። ፕራሶትን ግን ሄደህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ቢዘፍንልህም ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።»

ኮምክሪት ስፌት ቤት ሲገባ ዋሪን ደጅ ቀረች። በሩ ክፍት ስለነበር ግን የሚባለው ይሰማት ነበር። ልጁ ቆሞ ተናገረ፤ አልተንተባተበም፣ አላለቀሰም። ሶምፒት የስፌት መኪናዋን መርገጥ አቆመች።

«የኔን ቀሚስ አወለቅክባት?» አለች።

«አዎ፣ እማ።»

«በዝናብ?»

«ዝናቡ ውጭ ነበር።»

ሶምፒት አረንጓዴውን ቀሚስ አንስታ ክሩን ፈታችው፣ አራገፈችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«እኔ አንተን ከወታደር ስደብቅ፣ አንተ ከኔ ተደብቀህ ኖረሃል» አለች። «ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አባዬ ከሞተ ወዲህ።»

«ከዚያ ጀምሮ አፍህ የት ሄዶ ነው?»

«‹አንተ ስላለህልኝ› ትይኛለሽ፣ እማ።»

ሶምፒት ቀሚሱን በክሩ መልሳ አሰረችው። «ማለቱን እላለሁ» አለች። «መልስ ግን ከልክዬህ አላውቅም። ተወው በቃ። ነገ እኔም እመጣለሁ። ፈቃደኛ ማን አለ ሲሉ እጅህን ከፍ አድርገህ አውጣ፤ ከሕዝቡ ኋላ ሆኜ እንዲታየኝ። ዕጣ አድርገህ እንዳታታልለኝ። አሁን ና ብላ፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል።»

በማግስቱ የወረዳው አዳራሽ እንደ ምጣድ ይግል ነበር። ወጣቶቹ ደረታቸውን ገልጠው፣ ቁጥራቸው ክንዳቸው ላይ ተጽፎ ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። በመዝገብ ወንድ ተብላ የተጠራችው ፋ ልብሷን ሳታወልቅ ከዕጣው ነፃ የሚያደርጋትን የሐኪም ወረቀት አሳየች። የሚመዘግበው ወታደር «በሚቀጥለው ሳምንት እህቴ ታገባለች፤ ፀጉር ትሠሪላታለሽ?» ሲላት ከነሳቋ ወጣች። ከገመዱ ወዲያ ቤተሰቡ አበባውንና ክታቡን ይዞ ትንፋሹን ውጧል።

መኮንኑ ተነሣ። «በፈቃዱ የሚገባ ካለ አሁን እጁን ያውጣ። በፈቃደኛው ልክ ቀይ ካርድ ከሣጥኑ ይቀነሳል።»

አንድ ሁለት እጅ ወጣ። ከዚያ የኮምክሪት፤ በጣም ከፍ ብሎ፣ ትምህርት ቤት መልሱን እንዳወቀ ልጅ። ከኋላ ሴቶቹ «ውይ የሶምፒት ልጅ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሶምፒት በእጇ ማራገቢያ ፊቷን ታራግባለች።

ዕጣው ተጀመረ። ሃምሳ አለቃ ኬንግ የልጅ ልጁ እጁን ሲከት ዓይኑን ጨፈነ፤ «ጥቁር» ሲባል መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ሙቀቱ ነው አለ። አንድ ወፍራም ወጣት ቀይ አውጥቶ ሳጥኑ ፊት ቁጭ አለ፤ እናቱ በገመዱ ሥር ሾልካ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች፣ ወታደሮቹም ዝም አሏት። የዓሣ ሻጯ ልጅ ጥቁር አወጣ። ሴትዮዋ ልጇን ሳትስም መጀመሪያ ወደ ሶምፒት ሮጠች።

«ያንቺ ልጅ ከሣጥኑ ያስቀነሰው ቀይ ካርድ ለኔ ልጅ ይደርሰው ነበር» አለቻት እጇን ይዛ። «ልጅሽን ሰጥተሽ የኔን አተረፍሽልኝ። የፈለግሽውን ዓሣ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በነፃ።»

ሶምፒት እጇን በቀስታ አስለቀቀች።

ሰዉ መበተን ሲጀምር ዋሪን አጠገቧ ቆመች። ኮምክሪት ከገመዱ ማዶ ደረቱን ሲለኩት ይታያል። የሚለካው ወታደር አንድ ነገር ሲለው ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ ዋሪን አይታው አታውቅም።

«እንዴት ነሽ?» አለቻት።

«ሰው ሁሉ ሰጠሽው ይለኛል» አለች ሶምፒት ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል። «እኔ አልሰጠሁም። ራሱ ነው የሚሄደው።» ማራገቢያዋን አጠፈች። «ነግሮኝ ነው ግን የሚሄደው።»